ከጎንደር ግቢ ሆኖ አሮጌ ብርሃን እንዴት ይታያል? ከጨረቃ እስከ መጀመሪያው ብርሃን

ፋሲል ግንብን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዕድሜውን ነው። ወደ 390 ዓመት ይጠጋል እላለሁ። አፄ ፋሲል ጎንደርን መቀመጫቸው ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። እንግዳው ድንጋዩን ይዳስሳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይደነቃል። እኔም ደስ ይለኛል። አስጎብኚ ነኝ፤ ሥራዬ ይኸው ነው።

ማታ ማታ ግን ከግንቡ በጣም የሚበልጥ አሮጌ ነገር አስጎበኛለሁ። ትኬት የለውም፣ ክፍያም የለውም። ብርሃን ነው። የሚመጡት የእህቴ ልጆች፣ የሰፈር ልጆች፣ አንዳንዴም እናቶቻቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው እናንተም በየግቢያችሁ እንድታዩት ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፦ «ዓለም መጀመሪያ ነበራት» የሚለውን የሳይንስ ነገር ከሰው አፍ ሰምታችሁ ብቻ እንዳትቀበሉት። ዓለም ስል ምድርን ብቻ ሳይሆን ከዋክብቱንና ጠፈሩን ሁሉ ነው። ማስረጃው በሄደበት መንገድ ራሳችሁ ሂዱበት።

ሁሉ ነገር የቆመው በአንድ እውነት ላይ ነው። ብርሃን ፈጣን ቢሆንም ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር የምናየው ብርሃኑ ሲነሳ እንደነበረው ነው። ራቅ ያለውን ባየን ቁጥር የቆየውን እናያለን። በጣም ሩቅ ካየን ደግሞ አንድም ኮከብ ያልነበረበትን ዘመን እናያለን። ይህ ግምት አይደለም። ታይቷል፣ ተለክቷል።

መቼ እና ከየት

ክረምቱን እርሱት። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎንደር ሰማይ የደመና ነው። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ይሄዳል፣ አቧራውም ገና አልተነሳም።

ጨረቃ የሌለችበትን ማታ ምረጡ። ስልክ ላይ የጨረቃን ዕድሜ የሚያሳይ አፕ ሞልቷል። እኔ ግን ጎረቤቴን የኔታን ነው የምጠይቃቸው። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። አበቅቴውን ይዘው በጣታቸው ቆጥረው «ዛሬ አይሆንህም፤ ከነገ ወዲያ ግን ጨለማ ነው» ይሉኛል። እንዳሉትም ይሆናል። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ አባት ካለ ሂዱና ጠይቁ። ልጆቹ ሁለት ትምህርት ባንድ ጊዜ ያገኛሉ።

ቦታው ላይ ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል። ዋናው የምናየው ነገር በሰሜን በኩል ስለሆነ የከተማው መብራት ከጀርባችሁ ቢሆን ይመረጣል። ከአዘዞ የሚያይ ሰው የከተማው ብርሃን ፊት ለፊቱ ይሆንበታል። በጎሃ በኩል ወይም በወለቃ መንገድ ያለ ሰው ግን ሰሜኑ ጨለማ ስለሆነለት ዕድለኛ ነው። ፒያሳ መሃል የምትኖሩ መብራት የሚጠፋበትን ማታ ጠብቁ። መብራት ሲሄድ ሁላችንም እናማርራለን። በዚያች ሰዓት ግን ወደ ግቢ ወጥታችሁ ቀና በሉ፤ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያቺ ሰማዩን የምታቋርጠው የከዋክብት ነጭ መስመር፣ እንኳ ትታያለች።

ያለንበት ጊዜ ማታ ከከተማ ርቆ ለመሄድ አይመችም። ከአጥር አትውጡ። ግቢ ወይም ሰገነት በቂ ነው።

ጋቢ ያዙ፣ ብርዱ ቀላል አይደለም። ሰሌን አንጥፉና ተኙ፤ ቆሞ ማንጋጠጥ አንገት ይሰብራል። የስልካችሁን መብራት በቀይ ፌስታል ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሉት። ዓይን ጨለማውን የሚለምደው በ20 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዴ ነጭ መብራት ከበራበት ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ቀይ ብርሃን ያን ያህል አይረብሸውም። በዚህ በዚህ ከልጆቹ ጋር በየጊዜው እንጣላለን።

ከቅርቡ ጀምሩ

ዝም ብላችሁ ወደ ሩቁ አትዝለሉ። ከቅርቡ ስትነሱ ነው ነገሩ የሚገባው።

ጨረቃ ባለችበት ሌላ ማታ እሷን እዩ። ርቀቷ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ነው። የምታዩት ከ1.3 ሰከንድ በፊት የነበረችውን ጨረቃ ነው። የፀሐይ ብርሃን ደግሞ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጅቶ ነው የሚደርሰን። ፀሐይን ግን በዓይን አትመልከቱ፤ በባይኖኩላርማ ጭራሽ።

በታኅሣሥ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ በምሥራቅና በደቡብ መካከል አንዲት በጣም ደማቅ ኮከብ ትወጣለች። ሲርየስ ናት። በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ እሷን የሚያህል ብሩህ የለም። ብርሃኗ 8.6 ዓመት ተጉዟል። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ካላችሁ ያ ብርሃን የተነሳው እሱ በተወለደ ሰሞን ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆች ኮከቧን እንደ ዘመዳቸው ያዩዋታል።

ከዚያ ሰባቱ ከዋክብት። በኅዳር ማታ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብለው ተጠጋግተው ታገኟቸዋላችሁ። ርቀታቸው 440 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ብርሃናቸው ሲነሳ ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም። አፄ ፋሲልም አልተወለዱም። ዘመኑ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነበር። ከጣና በላይ እንፍራዝ አጠገብ ያለችውን የጉዛራን ግንብ ያሠሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ታሪካችን የሚደርስበት አይደለም።

አንድሮሜዳ፦ ያለ መሣሪያ የሚታየው አሮጌ ብርሃን

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ፀሐይ የገባችበትን በግራችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ፊታችሁ ሰሜን ነው። ጎንደር 12.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው እዚያው 12.6 ዲግሪ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ጨብጡ። ጡጫችሁ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ከአንድ ጡጫ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ ተራራ ወይም የጎረቤት ጣሪያ ይጋርደዋል። ባይታይም ግድ የለም።

አሁን ከዚያ በላይ ከፍ በሉና አምስት ከዋክብት የሠሩትን የተጠማዘዘ መስመር ፈልጉ። ሁለት ሹል ጫፍ አለው፣ ሁለቱም ወደ ላይ ያያሉ። ካሲዮፒያ ትባላለች። በኅዳር መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ 2 ሰዓት ገደማ ልክ ሰሜን ላይ ከአድማሱ አራት ጡጫ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። በግራ በኩል ያለውን ሹል ጫፍ ያዙ። ከእሱ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ አንድ ጡጫ ተኩል ሂዱ። እዚያ ነው።

ምን እንደምትፈልጉ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ኮከብ ሲፈልግ ነው የሚያልፈው። የምትፈልጉት ብናኝ የመሰለ፣ ሞላላ፣ ግራጫ ነገር ነው። ዓይናችሁን ልክ እሱ ላይ ካሳረፋችሁት ይጠፋል። ትንሽ ወደ ጎን እዩ፤ ያኔ ብቅ ይላል። ምክንያቱም የዓይናችን መሃል ቀለም ለመለየት እንጂ ደብዛዛ ብርሃን ለመያዝ አልተሠራም። ዳር ዳሩ ነው በጨለማ የሚበረታው። ሰሜን ተራሮች ጭላዳና ጭልፊት የምናይበት ተራ ባይኖኩላር ካላችሁ አውጡት። ብናኙ ሰፋ ይላል፣ መሃሉም ደመቅ ይላል።

ያ ብናኝ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት ናቸው። እንደ ፍኖተ ሐሊብ ያለ ሌላ ጋላክሲ ነው። ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዓይናችሁ ውስጥ የገባው ብርሃን ሲነሳ ሉሲ ካለፈች ብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ሆኗታል። አፋር ውስጥ ጎና በሚባለው ቦታ ግን 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ብርሃኑ መንገድ የጀመረው እንግዲህ በዚያ ዘመን አካባቢ ነው፤ እዚሁ አገራችን ላይ ድንጋይን በድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ የሚሠራ ፍጡር በነበረበት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቦታ ሳያርፍ መጥቶ ግቢያችሁ ደረሰ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር እኔው ራሴ ድንቅ ይለኛል።

በጨዋታ መሃል አንድ ነገር ልጨምር። በግሪኮች ተረት ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ አንድሮሜዳ ልጇ ናት። የእነሱ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ ካርታ ባትሆንም ልጆች ስሙን ሲሰሙ ይወዱታል።

ርቀቱ እንዴት ታወቀ? ይህን የማይጠይቅ ልጅ የለም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሄንሪዬታ ሌቪት የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። ሥራዋ በሃርቫርድ የመስታወት ፎቶዎችን እያነጻጸሩ የከዋክብትን ድምቀት መለካት ነበር። አንዳንድ ከዋክብት በየጊዜው ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዙሩ ረጅም የሆነው ኮከብ በተፈጥሮው የበለጠ ብሩህ እንደሆነ ደረሰችበት፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ታትሞ ወጣ። ይህ ማለት ዙሩን ከለካችሁ እውነተኛ ድምቀቱን ታውቃላችሁ። ከምድር ሲታይ ምን ያህል እንደደበዘዘ ስታዩ ደግሞ ርቀቱ ይወጣል። ኤድዊን ሃብል በ1923 እንዲህ ያለ ኮከብ አንድሮሜዳ ውስጥ አገኘ። ያ ብናኝ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ መሆኑ የተረጋገጠው ያኔ ነው። በእኔ አመለካከት የሌቪት ስም ከሃብል እኩል መጠራት ነበረበት። ልጃገረዶች ባሉበት ሁሉ ሳላነሳት አላልፍም።

የጫማ ካርቶኑ

አሁን ወደ ቤት ግቡ። የሚቀጥለው ሥራ የእጅ ሥራ ነው። ያለ እሱ የዓለም መጀመሪያ ነገር አይገባም።

አንድ የጫማ ካርቶን፣ አንድ የማይሠራ ሲዲ፣ ሁለት ምላጭ፣ ጥቁር ፕላስተር አዘጋጁ። ምላጩን ትልቅ ሰው ይያዝ።

በካርቶኑ ጠባብ ጎን ላይ ከፍ ብሎ አግድም ቀዳዳ ቁረጡ፤ ወርዱ የጣት ጥፍር ያህል፣ ርዝመቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሁለቱን ምላጮች ስለታቸው ፊት ለፊት እንዲተያይ አድርጋችሁ ቀዳዳው ላይ ለጥፉ። መሃላቸው ላይ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ ይቅር። በተቃራኒው ጫፍ ሲዲውን አስገቡ። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ስንጥቁ ይይ፤ ላዩ ወደ ኋላ ጋደል ይበል። ከካርቶኑ ወለል ጋር 60 ዲግሪ ያህል ሲሠራ ጥሩ ነው። ከሲዲው ልክ በላይ ክዳኑ ላይ አንድ ብር ሳንቲም የምታህል የማያ ቀዳዳ ክፈቱ። ብርሃን የሚያስገባውን ስፌትና ጥግ ሁሉ በፕላስተር ድፈኑ። አለቀ።

ስንጥቁን ወደ ሻማ አዙሩና በላይኛው ቀዳዳ እዩ። ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያልተቆራረጠ ቀለም ይታያል። ካልታየ ሲዲውን ትንሽ አስተኙት ወይም አቁሙት። ከዚያ ወደ ጠመዝማዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል አዙሩ። አሁን ቀለሙ ተቆራርጧል፤ አንድ ደማቅ አረንጓዴ መስመር፣ አንድ ሐምራዊ፣ ሌሎችም አሉ። አረንጓዴውና ሐምራዊው አምፖሉ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ መስመር ነው። ቡታጋዝ ላይ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ ብትበትኑ ደግሞ ቢጫ መስመር ብልጭ ይላል፤ ሶዲየም ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመሮች አሉት። አይዋዋሱም፣ አይቀያየሩም።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በተሰዉበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ጁል ጃንሰን የሚባል ፈረንሳዊ ሕንድ ሄዶ የፀሐይ ግርዶሽ ሲመለከት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ አንድ ቢጫ መስመር አየ። በምድር ላይ ይህ መስመር ያለው የታወቀ ነገር አልነበረም። ኋላ ሂሊየም ተባለ። መጀመሪያ የተገኘው በምድር ሳይሆን በብርሃን ውስጥ ነው። ሂሊየምን አትርሱት፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ሃብል እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳየው ይህን ነው፦ የሩቅ ጋላክሲዎች መስመሮች ከቦታቸው ወደ ቀይ ተገፍተዋል። ጋላክሲው በራቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከልብስ ሰፊ ሱቅ ጠፍጣፋ ነጭ ላስቲክ ግዙ። ላስቲኩ ላይ በእስክርቢቶ ሞገድ ሳሉ። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ሳቡት። ሞገዱ ይረዝማል። ረጅም ሞገድ ማለት ቀይ ማለት ነው። ብርሃኑ ሲጓዝ ጠፈሩ ራሱ ተለጥጧል። ጋላክሲዎቹ ባዶ ቦታ ላይ ከአንድ ፍንዳታ እየሸሹ አይደለም። በመካከላቸው ያለው ቦታ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ መሃል የሚባል ቦታ የለም፤ ከየትም ብታዩ ሌሎቹ ይርቃሉ።

አንድሮሜዳ ራሷ ግን እየቀረበችን ነው። ጎረቤት ስለሆነች የእኛና የእሷ ስበት ከመስፋቱ ይበልጣል። ስለ መስፋቱ የሚመሰክሩት ከእሷ በጣም ርቀው ያሉት ናቸው።

እንግዲህ ፊልሙን ወደ ኋላ አጫውቱት። ዛሬ የሚራራቅ ነገር ትናንት ይቀራረብ ነበር። ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ዓለም ትጠብባለች፣ ትግላለች። ይህን ቀደም ብሎ የተናገረው ጆርጅ ለሜትር የሚባል ቤልጅጋዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። የካቶሊክ ቄስም ነበር።

የሊማሊሞ ጉም

ዓለም በአንድ ወቅት ትንሽና ግልብልብ ያለች እሳት ከነበረች፣ የዚያ እሳት ብርሃን የት ገባ?

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጉም ሲወርድ የመኪናው መብራት ፊት ለፊት አይሄድም። በጠብታዎቹ ተበትኖ ተመልሶ ዓይናችሁን ይመታችኋል። መብራት አለ፤ ግን ምንም አያሳይም። የመጀመሪያዋ ዓለምም እንዲሁ ነበረች። በሙቀቱ ብዛት ኤሌክትሮኖች ከአተም ተለይተው በየቦታው ይንከራተቱ ነበር። ብርሃን ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ኤሌክትሮን ያጋጥመውና አቅጣጫው ይቀየራል። ዓለም ስትሰፋ በረደች። ዕድሜዋ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆን ሙቀቷ ወደ 3,000 ኬልቪን (2,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) ወረደ። ያኔ ኤሌክትሮኖች በኒውክለሶች፣ ማለትም በአተም እምብርቶች፣ ተያዙ። ጉሙ ተገለጠ። ብርሃኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። እስካሁን እየሄደ ነው።

ሲነሳ በዓይን የሚታይ፣ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ብርሃን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠፈሩ 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጧል። ላስቲኩ ላይ የሳላችሁትን ሞገድ 1,100 ጊዜ ሳቡት። አሁን ብርሃኑ ማይክሮዌቭ ሆኗል። ዓይን አያየውም፤ አንቴና ግን ይይዘዋል። ሳይንቲስቶች የኮስሚክ ማይክሮዌቭ ዳራ ይሉታል።

አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ኒው ጀርሲ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ቀንድ በመሰለ ትልቅ አንቴና ሰማይን ሲያዳምጡ አንድ የማይጠፋ ሽሽታ አገኙ። አንቴናውን ወደ የትም ቢያዞሩት ይሰማል። ቀንም ሌሊትም አለ። ወቅት ቢቀያየርም አይቀየርም። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ስለነበር ችግሩ ከኩሳቸው ይሆናል ብለው ርግቦቹን አስወጡ፣ አጸዱት። ሽሽታው ግን አልሄደም። እዚያው አቅራቢያ በፕሪንስተን የሮበርት ዲኪ ቡድን ይህንኑ ጨረር ለመፈለግ መሣሪያ እየሠራ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ተነጋገሩ፤ በ1965 ግኝቱ ታተመ። ፔንዚያስና ዊልሰን በ1978 ኖቤል አገኙ። ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን ግን ይህ ጨረር መኖር እንዳለበት በ1948 አስቀድመው ጽፈው ነበር። ሽልማቱ ግን አልደረሳቸውም። ይህ ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ከኋላው ጎላ ያለውን የድሮ ቴሌቪዥን ከቆጥ አውርዱ። ዲሹንና ሪሲቨሩን አላቁ፤ ተራ አንቴና ብቻ ሰኩ። ጣቢያ የሌለበት ቻናል ላይ አድርጉት። ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፣ ድምፁም ሽሽሽ ይላል። አብዛኛው የአካባቢው የኤሌክትሪክ ረብሻና የቴሌቪዥኑ የራሱ ነው። ከመቶው አንድ እጅ ያህሉ ግን ያ የመጀመሪያው ብርሃን ነው። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ሲግናል ሲያጡ ሰማያዊ ስለሚያሳዩ ለዚህ አይሆኑም።

ቴሌቪዥኑም ባይኖር ብርሃኑ ከእናንተ ጋር ነው። በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ጠፈር ውስጥ በማንኛውም ቅጽበት 400 ያህል የዚያ ብርሃን ቅንጣቶች አሉ።

ብርሃኑ ምን ይናገራል?

ብዙ ይናገራል። ኮቤ የተባለችው ሳተላይት በ1989 ወጥታ ሙቀቱን ለካች። 2.725 ኬልቪን ነው፤ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። የቀለሙ ሥርጭት አንድ ወጥ የጋለ ነገር ከሚያወጣው ብርሃን ጋር ልክ ገጠመ። ከዋክብት ተደባልቀው ይህን ሊያወጡ አይችሉም። አንድ ላይ የነበረ፣ እኩል የጋለ ዓለም ብቻ ነው የሚያወጣው። ለእኔ ከማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ለዚህ ሥራ ጆን ማዘርና ጆርጅ ስሙት በ2006 ኖቤል ተሸልመዋል።

ሙቀቱ ፍጹም እኩልም አይደለም። ከመቶ ሺህ አንድ እጅ በምታህል ልዩነት አንዱ ቦታ ሞቅ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ያቺ ልዩነት ባትኖር እኛም አንኖርም ነበር። ጥቅጥቅ ያለው ቦታ ብዙ ነገር ሳበ፤ ከዚያ ከዋክብት፣ ጋላክሲዎች፣ ፕላኔቶች መጡ። ፕላንክ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በ2009 ወጥታ እነዚህን ነጥቦች በጥልቀት ካርታ አነሳቻቸው። ከነጥቦቹ ስፋትና ብዛት የዓለም ዕድሜ ወጣ፦ 13.8 ቢሊዮን ዓመት። ይዘቷም ወጣ። እኛና ከዋክብት የተሠራንበት ተራ ቁስ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 27 በመቶው የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ጨለማ ቁስ ነው። የቀረው 68 በመቶ መስፋቱን የሚያፋጥነው ጨለማ ኃይል ነው።

ሂሊየሙስ? ዓለም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ኒውክሌር ምድጃ ነበረች። ስሌቱ ከተራው ቁስ በክብደት ሩቡ ያህል ሂሊየም፣ ቀሪው ከሞላ ጎደል ሃይድሮጅን ሆኖ እንደሚወጣ ይናገራል። ብዙ ከዋክብት ያልተፈራረቁባቸው ጋላክሲዎች ብርሃን ሲመረመር የሚገኘውም ይኸው ነው። ጃንሰን ያያት ቢጫ መስመር እስከዚያ ድረስ ትወስዳለች።

ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ደግሞ በመሃል ያለውን ዘመን እየሞላ ነው። ከመጀመሪያው 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላ የነበሩ ጋላክሲዎችን አይቷል።

ያልታረቀ ነገርም አለ። ከመጀመሪያው ብርሃን ስንነሳ መስፋቱ በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ከቅርብ ከዋክብት፣ በሌቪት መንገድ ስንለካ ግን ብዙዎቹ ልኬቶች ወደ 73 ይጠጋሉ። ሁለቱም ወገን በጥንቃቄ የለካ ነው። ወይ አንድ ቦታ የተደበቀ የልኬት ችግር አለ፣ ወይ ያልተረዳነው ፊዚክስ አለ። ፊዚክስ ለሚወድ ተማሪ ይህ ክፍት ቦታ ነው፤ ገና ሰው ይፈልጋል።

አንድ ማታ ይህን ሁሉ ለየኔታ አጫወትኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ እንግዲያው ፀሐይ ሳትፈጠር ብርሃን ነበረ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ። ከዋክብት የመጡት ከዚያ ብርሃን ብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ነው» አልኳቸው።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ብርሃኑ ከጉሙ ወዲያ አያሳይም። ሂሊየሙ እስከ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያደርሰናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ከብርሃን ማንበብ አልችልም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ስለ ኦሪት ዘፍጥረት እንዳሰቡ ገብቶኛል። እኔ ሳይንሱን ለመጽሐፉ፣ መጽሐፉንም ለሳይንሱ ምስክር አድርጌ አላቀርብም። ልጆች ሲጠይቁኝም ይህንኑ ነው የምላቸው፤ የለካነውን ለክተናል፣ የቀረውን ከየኔታ ጋር ተነጋገሩ።

ለሚጀምር ሰው ቅደም ተከተሉን ልንገር። ካርቶኑንና የቴሌቪዥኑን ሙከራ በክረምት ሥሩ፤ ደመና አያግዳቸውም። ጥቅምት ሲገባ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ያዙና በዓይን ብቻ ሰባቱን ከዋክብትና ካሲዮፒያን መለየት ተለማመዱ። አንድሮሜዳን ለኅዳርና ለታኅሣሥ አቆዩት። በጥር ገና ከመሸ ጀምሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚያዘነብል ቶሎ ውጡ። በየካቲት ጭስና አቧራ ይጀምራል፤ ያኔ ሲርየስና ጨረቃ ይበቋችኋል።